የሰው ደመወዝ ላይ የቆመ እንጀራ

ጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ አለ። ከዛፉ ሥር ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛና መብራት ሲጠፋ የሚበራ የሶላር ፋኖስ ነበሩ። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድረስ መሥሪያ ቤቴ እዚያ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እገባለሁ፤ እኩለ ሌሊት ላይ እወጣለሁ። ሥራዬ ፖከር መጫወት ነበር።

በሙያዬ የስታትስቲክስ ባለሙያ ነኝ። በስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች በሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ለስድስት ዓመታት የክትትልና ግምገማ ሠራተኛ ነበርኩ። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም የእኛም ፕሮጀክት አብሮ ቆመ። በየካቲት መጨረሻ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ የእሷ ደመወዝ ከቤት ኪራይ ካለፈ ለጤፍ አይበቃም። እኔ ደግሞ በየመጠለያ ጣቢያው ባሳለፍኳቸው ምሽቶች ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስጫወት ካርታ የማሸነፍ ልምድ ነበረኝ። ሥራ እስካገኝ ድረስ በዚህ ብቆይስ ብዬ ጀመርኩ።

በፖከር መኖር ይቻላል ወይ? መልሱን ባጭሩ ለሚፈልግ አንባቢ፣ ይቻላል። ለስድስት ወራት ኖሬበታለሁ፤ ደብተሬም ይመሰክራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። የሚኖረው በማን ገንዘብ ነው? ገንዘቡስ ሲያልቅ ምን ይከሰታል? ጥያቄው የአንድ ቁማርተኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ ገጽ ባልያዝኩበት ነበር። ዛሬ በጋምቤላም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ቁማርን እንደ ሥራ የሚቆጥር ወጣት እየበዛ ስለመጣ ግን ሒሳቡን አደባባይ ማውጣት ይገባል።

ፖከር ለምን ሥራ ይመስላል?

ፖከር ከሎተሪ ይለያል። በሎተሪ ትኬቱን የገዛ ሰው ቀሪውን ለዕድል ይተዋል። በፖከር ግን ተጫዋቹ የያዘውን ካርታ፣ በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን፣ የሌሎቹን ሁኔታ አይቶ ይወስናል፤ መተው፣ መከተል ወይም መጨመር ይችላል። ችሎታ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም አራት ታዋቂ ተጫዋቾችን አሸንፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፕሉሪበስ የተባለው ተከታዩ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ይህንኑ ደግሞታል። ሁሉም ነገር ዕድል ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተር በተከታታይ ማሸነፍ ባልቻለ ነበር።

ዓለምን ያሳበደው ግን የሰው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ ከመቶ ዶላር ባነሰ ክፍያ በኢንተርኔት ማጣሪያ ተወዳድሮ ላስ ቬጋስ ገባ። ከዚያም 839 ተወዳዳሪዎች የተሳተፉበትን የዓለም ፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የአባት ስሙ ትርጉሙ «ገንዘብ ሠሪ» መሆኑ ደግሞ ለጋዜጦች ተጨማሪ ዕድል ሆነ። በዚያ ዓመትና በተከታዮቹ ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ትተው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ።

እነዚያ ወጣቶች ያልተረዱት አንድ ነገር ነበር። የፖከር ገበያው ትርፍ የሚሰጠው አዳዲስ ጀማሪዎች ደመወዛቸውን ይዘው እስከገቡ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሦስቱን ትልልቅ የኢንተርኔት ፖከር ድርጅቶች ሲከስና የድረ ገጽ አድራሻቸውን ሲይዝ፣ የአሜሪካ ጀማሪ ተጫዋቾች በአንድ ቀን ከጠረጴዛው ጠፉ። ትናንት «ባለሙያ» ይባሉ ከነበሩት ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የቀራቸው እርስ በርስ መጫወት ነበር። አዋቂ ከአዋቂ ጋር ሲጫወት ደግሞ የሚያተርፈው ጠረጴዛውን ያከራየው ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ ከመጀመሬ በፊት አውቀው ነበር። በራሴ ላይ ሲደገም ግን ለማየት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

የማንጎው ዛፍ ሒሳብ

ጠረጴዛችን ላይ ስድስት እንሆናለን። አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ መሐንዲስ፣ ለመጠለያ ጣቢያዎች ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ፣ ገና ከሥራ ያልተቀነሱ ሁለት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተሰናበተ ሹፌር፣ እና እኔ። እያንዳንዳችን 2,000 ብር ይዘን እንቀመጣለን፤ ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ 12,000 ብር አለ ማለት ነው።

የግቢው ባለቤት ከእያንዳንዱ ጨዋታ ከተሰበሰበው ገንዘብ ከመቶ አምስት ይቆርጣል። አምስት ብር ትንሽ ይመስላል። በሰዓት 25 ጨዋታ እንጫወታለን፤ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 400 ብር ይሰበሰባል። ስለዚህ የቤቱ ድርሻ በአንድ ጨዋታ 20 ብር፣ በሰዓት 500 ብር፣ በአምስት ሰዓት 2,500 ብር ነው። በአምስት ምሽት 12,500 ብር ይሆናል። ስድስታችን ይዘን ከተቀመጥነው ገንዘብ ይበልጣል! በሌላ አነጋገር፣ ማንም ከማንም ባይበልጥና ሁላችንም እኩል ብንጫወት፣ በአምስት ምሽት የሁላችንም ኪስ ባዶ ይሆን ነበር። ጨዋታው የሚቀጥለው በየወሩ መጨረሻ አዲስ ደመወዝ ስለሚገባ ብቻ ነው።

ደብተሬ እንደሚለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ በ40 ምሽት፣ 38,000 ብር አተረፍኩ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ወደ 100,000 ብር ቆርጧል። ስለዚህ ሌሎቹ አምስት ሰዎች በሁለት ወር ውስጥ በጠቅላላው 138,000 ብር አጥተዋል። በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ትርፌ ወደ 11,000 ብር ወረደ። በሐምሌና በነሐሴ 7,700 ብር ከሰርኩ። የስድስቱ ወር ድምር፣ በ96 ምሽት፣ 41,300 ብር ነው። በሰዓት ሲካፈል 86 ብር፣ በወር ሲካፈል ከ6,900 ብር ያነሰ፣ ቀድሞ ከማገኘው ደመወዝ ደግሞ አንድ አምስተኛ ገደማ።

አንባቢ «ሥራ ፈት ከመቀመጥ ይሻላል» ሊል ይችላል። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ሁለት ነገሮች ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይታዩም። አንደኛው መዋዠቁ ነው። በአማካይ በምሽት 430 ብር አተርፍ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ምሽት 2,000 ብር ወደላይ ወይም ወደታች መውጣትና መውረድ የተለመደ ነው። በዚህ ስሌት አሥር ምሽት ተጫውቶ ከስሮ መነሳት ከአራት ጊዜ አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። የቤት ኪራይ ግን በየወሩ በቀኑ ይጠየቃል። በሰኔ ወር የልጄን የትምህርት ቤት ምዝገባ የከፈለችው ባለቤቴ ከሥራ ባልደረቦቿ የዕቁብ ተራ ተለዋውጣ ነው። እኔ በዚያ ወር ካርታዬን በትክክል ስጫወት ነበር፤ ትክክል መጫወቴ ግን ለመዝጋቢዋ ደረሰኝ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ሹፌሩ ነው።

አብረን የተሰናበትነው ሹፌር ጥሩ ሰው ነበር፤ ጥሩ ተጫዋች ግን አልነበረም። ካርታው መጥፎ ሲሆን ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ይህን አስተዋልኩ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከእሱ ብቻ ወደ 17,000 ብር ወሰድኩ። በሚያዝያ መጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት ባለቤቱ ቤታችን መጣች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ቡና ተፈልቶ ተቀመጠች፤ ከዚያም «ወንድሜ፣ እሱ የስንብት ገንዘቡ ባንክ ነው ይለኛል፤ አንተ ከእሱ ጋር አብረህ ስለተቀበልክ መቼ እንደሚለቀቅ ታውቅ እንደሆን ብዬ ነው» አለችኝ።

ገንዘቡ ባንክ አልነበረም። ግማሹ በእኔ መሳቢያ ውስጥ፣ ቀሪው በግቢው ባለቤት እጅ ነበር። ያን ቀን ያለኝን መለስኩላት፤ ለሹፌሩም ከእንግዲህ አብሬው እንደማልቀመጥ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ግን ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ሰዎች ስመለከት ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ሆነ። ይኼ የሚያስቀምጠው ገንዘብ የምንድን ነው? የመሐንዲሱ ገንዘብ የመንገድ በጀት ነው። የነጋዴው ገንዘብ የመጠለያ ጣቢያ አቅርቦት ነው። የሁለቱ ባልደረቦቼ ገንዘብ በየሦስት ወሩ የሚታደስ የኮንትራት ደመወዝ ነው። የእኔ «ሙያ» የራሱ ምንጭ የለውም፤ ሰው ከሠራው ላይ ቀንሶ መውሰድ ነው።

ወንዙ ሲጎድል

ጋምቤላ በወቅት ላይ መኖርን የምታውቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ ከተማዋ የወንዝ ወደብ ሆነች። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ ጨውና ሸቀጥ አራግፎ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭኖ ይመለሳል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል መርከብ የለም፤ ንግዱም ይቀዘቅዛል። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ የጋምቤላ ነጋዴ ሒሳቡን የሚሠራው የወንዙን ከፍታ አይቶ ነበር።

ያለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ወንዝ የእርዳታ በጀት ነበር። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ጀምሮ በተርኪዲ፣ በኩሌ፣ በጀዊ፣ በንጉኝየልና በሌሎች መጠለያዎች ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞች ሰፈሩ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ቁጥር ራሱ 307 ሺህ ገደማ እንደነበር ልብ ይሏል። ከስደተኞቹ ጋር ድርጅቶች መጡ፤ ከድርጅቶቹ ጋር ደመወዝ፣ የመኪና ኪራይ፣ የቤት ኪራይ፣ ሆቴል። የባጃጅ ሹፌሩ፣ የባሮን ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠው ሴት፣ የማንጎው ዛፍ ባለቤት፣ እኔም ጭምር፣ ሁላችንም ከዚህ ወንዝ ጠጥተናል።

በ2017 ዓ.ም. ወንዙ ጎደለ። የአሜሪካ እርዳታ መቋረጥ የተሰማው በእኛ ፕሮጀክት ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ ወር የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት የተነሳ በኢትዮጵያ 650 ሺህ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናትን የማከም ሥራውን ሊያቆም መገደዱን አስታወቀ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የእኛ የካርታ ጠረጴዛ ነገር ዋዛ ነው። ነገር ግን የአንድን ከተማ ኢኮኖሚ ለመለካት ጠረጴዛችን ጥሩ መለኪያ ነበር። በግንቦት ከሁለቱ ባልደረቦቼ አንዱ ተቀነሰ፤ በሰኔ ነጋዴው መምጣት አቆመ። በሐምሌ የቀረነው አራት ነበርን፤ አራታችንም ኪሳችንን የምንቆጥብ፣ አራታችንም ካርታ የምናውቅ። ቤቱ ከመቶ አምስት መቁረጡን አላቆመም። ለዚህ ነው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት የከሰርኩት። ጨዋታዬ አልተበላሸም፤ የሚበላው ደመወዝ ነው ያለቀው።

ትኬት የሚቆርጡት

የእኔ ጠረጴዛ ስድስት ሰው ነበር። በዋናው መንገድ ዳር በሚገኙት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ግን ቅዳሜ ከሰዓት መቆሚያ አይገኝም። ካርታ እንደማውቅ የሰማ አንድ የባጃጅ ሹፌር «ጋሼ፣ አንተ ሒሳብ ታውቃለህ፤ ትኬቴን እይልኝ» ብሎ በየሳምንቱ ያሳየኝ ነበር። ስምንት ጨዋታ፣ ሁሉም ትልልቅ ክለቦች፣ 50 ብር።

እንደ ጎረቤት የነገርኩትን ለአንባቢም ልንገር። አንድ የውርርድ ቤት ለአንድ ጨዋታ ለማሸነፍ 2.10፣ ለእኩል 3.20፣ ለመሸነፍ 3.40 ቢሰጥ፣ እነዚህ ዋጋዎች የሚያመለክቱት ዕድል ሲደመር ከመቶ 108 ገደማ ይሆናል። ከመቶ በላይ የሆነው ስምንቱ የቤቱ ነው። ስለዚህ ተወራራጁ ከሚያስገባው 100 ብር በአማካይ 92 ብር ይመለሳል። ይህ ለአንድ ጨዋታ ነው። ትኬት ላይ ስምንት ጨዋታ ሲደረደር ግን ቤቱ ድርሻውን ስምንት ጊዜ ይወስዳል፤ ከመቶ ብር የሚመለሰው በአማካይ 53 ብር ብቻ ይሆናል። የባጃጅ ሹፌሩ ስምንቱንም በ1.50 ቢመርጥ ትኬቱ ከመቶ ጊዜ ሁለት ጊዜ ቢሳካለት ነው። ሲሳካለት 1,280 ብር ገደማ ያገኛል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል።

ፖከር ላይ ቢያንስ ከእኔ የሚያንስ ተጫዋች ፈልጌ መቀመጥ እችል ነበር። የባጃጅ ሹፌሩ ግን የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ነው፤ ቤቱ ደግሞ አይደክመውም፣ ጣቱንም ጠረጴዛ ላይ አይመታም። «አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያቃጠለኝ» ይለኛል በየሳምንቱ። ስምንት ጨዋታ በተደረደረበት ትኬት ላይ አንድ ጨዋታ እንዲያቃጥል መጠበቅ ያለበት ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

መዝጋት ወይስ ማሳወቅ?

መንግሥት በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት እግሩን በሁለት ታንኳ ያቆመ ይመስላል። የእኛ ዓይነቱን ያለ ፈቃድ የሚደረግ የካርታ ቁማር የወንጀል ሕጉ ይከለክላል፤ ይህን አውቄ እንደተቀመጥኩ አልክድም። በሌላ በኩል የስፖርት ውርርድ ፈቃድ የሚሰጠው በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመውና አሁን በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ያለው የሎተሪ ተቋም ነው። ተቆጣጣሪው ራሱ የገበያው ተሳታፊ ነው ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን ሲዘጋ ብዙዎች ደስ ተሰኝተን ነበር። ነገር ግን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውርርድ ቤቱ በር በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ ነው። ቤት መዝጋት ይቻላል፤ ስልክ ማሸግ ግን አይቻልም።

እንደ እኔ እምነት ከመዝጋት በፊት ሁለት ቀላል ነገሮች ይቀድማሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም ባለፈቃድ የውርርድ ድርጅት ከሚሰበስበው መቶ ብር ስንቱን ለተወራራጮች እንደሚመልስ በየትኬቱ ላይ በጉልህ እንዲጽፍ ይገደድ። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ መጠኑ ይጻፋል፤ ትኬት ላይ የማይጻፍበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ከየክልሉ የሚሰበሰበው የውርርድ ገንዘብ መጠን በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ጋምቤላ ውስጥ የሥራ አጥ ወጣት በዓመት ስንት ብር ወደ ውርርድ እንደሚያስገባ ቢታወቅ፣ በዚያ ገንዘብ ስንት የዓሣ ማቀዝቀዣ፣ ስንት የማንጎ ማቀነባበሪያ ይቆም እንደነበር የክልሉ ምክር ቤት ማስላት ይችላል። ማንጎው በየዓመቱ ባሮ ዳር ወድቆ ይበሰብሳል፤ እኛ ከሥሩ ተቀምጠን ካርታ እንበውዛለን።

እኔ ከመስከረም ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ክፍያው ከፖከር ትርፌ ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ የተማሪዎቹ ወላጆች ገንዘቡን ሲሰጡኝ የሚያገኙት ነገር መኖሩ ነው። ሹፌሩም ባለፈው ወር የሰው ባጃጅ ተከራይቶ መንዳት ጀምሯል። ከዕዳዬ ገና 6,000 ብር አልከፈልኩትም። ስንገናኝ ስለ ካርታ አናወራም፤ አንዳንዴ ግን ያለ ክፍያ ቤት ያደርሰኛል፤ ይህ ነው የሚከብደኝ።